ውሻን ወደ ቤት ስለ ማግባት፤ ለሚገዛውም ከመንገድ ለሚያነሣውም

በአዲስ አበባ ቤቱን ሠርቶ፣ አጥሩን አጥሮ፣ በሩን ሰቅሎ ከጨረሰ በኋላ «ውሻ ከየት ላምጣ?» ብሎ የማይጠይቅ አባወራ ጥቂት ነው፤ ጠይቆም እርስ በርሱ የሚጣላ ምክር የማይሰማ የለም። አንደኛው ወገን «ወላጆቹ የታወቁ፣ ዘሩ የጠራ ጀርመን ሼፐርድ ከአርቢ ግዛ፤ ከመንገድ የተነሣ ውሻ ጠባዩም ደዌውም አይታወቅም» ሲለው፣ ሁለተኛው ወገን ደግሞ «በየሰፈሩ ባለቤት አጥተው በረኃብ፣ በመኪናና በመርዝ የሚያልቁ ፍጥረታት እያሉ ለሌላ ቡችላ ገንዘብ መክፈል ርኅራኄ የጎደለው ሥራ ነው» ብሎ ይመክረዋል። የሁለቱንም ክርክር በጥሞና ለመዘነ ሰው፣ በእኔ አስተያየት፣ ከሁለቱም የሚቀድም ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ውሻው ከተወለደ እስከ ዛሬ ማን እንደ ያዘው፣ ከእናቱ ጋር ስንት ሳምንት እንደ ኖረ፣ የሰውን እጅ ለምዶ እንደ ሆነ ወይም ፈርቶ እንደ ሆነ በዐይኑ አይቶ የሚመሰክር ሰው አለ ወይ የሚለው ነው። መስካሪ ያለው ውሻ ተገዝቶም ቢመጣ በነጻም ቢገኝ መልካም ነው፤ መስካሪ የሌለው ግን ዋጋው ቢበዛም ባይበዛም ለቤተ ሰቡ ሥጋት ነው። ከዚህ በታች ያለው መመሪያ በዚህ አሳብ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ሊገዛ ላሰበውም ከመንገድ ሊያነሣ ለፈለገውም በየደረጃው ተዘጋጅቷል።

1ኛ. የውሻውን ሥራና ማደሪያ መወሰን

ከሁሉ አስቀድመው ከቤተ ሰዎችዎ ጋር ተቀምጠው ውሻው ለምን እንደሚፈለግ ይነጋገሩ፤ ሌሊት ሰው ሲመጣ እንዲጮኽ ነው፣ ሌባ እንዲይዝ ነው፣ ወይስ ልጆች አብረውት እንዲያድጉ ነው? እንግዳ ድምፅ ሲሰማ መጮኽ ማናቸውም የሀበሻ ውሻ ማንም ሳያስተምረው የሚያደርገው ስለ ሆነ፣ ለዚህ ብቻ ብዙ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ሰው የሚይዝ ውሻ ግን አሠልጣኝና ዘወትር የሚያዝዘው አንድ ሰው ይሻል፤ ይህ ከሌለ፣ ሌባው የሚመጣበት ሌሊት ሳይደርስ፣ የመብራት ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሠራተኛና የጎረቤቱን ልጅ ይነክሳል።

ቀጥሎ ግቢውን ዞረው ይመርምሩ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል እንደሚባለው፣ በቆርቆሮው ሥርና በበሩ ግርጌ ያለው ክፍተት ለሌላም ጥፋት መግቢያ ነውና፣ የቡችላ ጭንቅላት የሚያሳልፍ ቀዳዳ ሁሉ አካሉንም እንደሚያሳልፍ አውቀው ያስደፍኑት። ግቢው ተከራዮች አብረው የሚኖሩበት ከሆነ የአከራዩንና የተከራዮቹን ፈቃድ አስቀድመው ያግኙ፤ ውሻው ከመጣ በኋላ የሚነሣ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው ውሻው ወደ መንገድ በመጣሉ ነው። እንደዚሁም ውሻ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራልና፣ የሚያበላውና የሚያጸዳው ማን እንደ ሆነ በስም ይለዩ። ለተመረቀ አዲስ ቤት ቡችላ በስጦታ ይዞ መሄድ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ተቀባዩ ያልመከረበትን የብዙ ዓመት ሸክም የሚያሸክም ስጦታ ቸርነት ሊባል አይገባውም።

2ኛ. ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መምረጥ

የሠለጠነ ጠባቂ በእውነት የሚያስፈልገው፣ ሰፊ ግቢና የሚያዝዘው ሰው ያለው ሁሉ፣ እናቲቱን ማየት እስከ ቻለ ድረስ ከአርቢ ቢገዛ አልነቅፈውም። የቀረው፣ ማለት አብዛኛው ቤተ ሰብ፣ የሀበሻ ውሻ ቢይዝ እመርጥለታለሁ፤ ይኸውም ከምሕረቱ በተጨማሪ፣ አካለ መጠኑ መካከለኛ ስለ ሆነ ቀለቡ የሚቻል፣ ጠጉሩም አጭር ስለ ሆነ አያያዙ ቀላል በመሆኑ ነው። ከሁሉም የሚሻለው ሦስተኛው መንገድ ነው፤ የጎረቤት ውሻ ስትወልድ ቡችላውን ከእናቱ ሥር እያዩት ማሳደግና ሁለት ወር ሲሞላው መውሰድ። በተለይ በብዙ ሰፈር ወንዱ ተመርጦ ሲወሰድ ሴቶቹ ቡችሎች በማዳበሪያ ተከትተው ወንዝ ዳር ይጣላሉና፣ ሴቲቱን የሚወስድ ሰው ነፍስ ያተርፋል። ሴት ውሻ አትጠብቅም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

3ኛ. የሚገዙ ከሆነ፣ እናቲቱን ሳያዩ አለመክፈል

በመንገድ ዳር በካርቶን ወይም በዘንቢል ይዞ፣ በመኪና መስኮት በኩል ቡችላ ከሚያሳይ ሰው አይግዙ። ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከየቤቱ የተሰበሰቡ ቡችሎች በአንድ ካርቶን ሲከማቹ የአንዱ በሽታ ወደ ሁሉም ይተላለፋል፤ ከእነዚህም ዋናው ደም የተቀላቀለ ተቅማጥ እያስያዘ ቡችላን በጥቂት ቀን የሚገድለው ፓርቮ ነው። ሁለተኛ፣ ሻጩ «ሁለት ወር ሞልቶታል» የሚለው ቡችላ ብዙ ጊዜ ገና የ4 ወይም የ5 ሳምንት ነው። ከእናቱና ከወንድሞቹ ጋር ቢያንስ 8 ሳምንት ያልቆየ ቡችላ፣ ሲጫወት የመንከሱን ልክ አይማርም፤ ወንድሙን አጥብቆ ሲነክሰው ወንድሙ ጮኾ ጨዋታውን ያቆምበታልና፣ አፉን ማለዘብ የሚማረው በዚያ ነው።

ዕድሜውን ለማወቅ ከንፈሩን በቀስታ ገልጠው ጥርሱን ይመልከቱ። ሁለት ወር የሞላው ቡችላ 28 የወተት ጥርሶቹ ሁሉ ወጥተውለታል፤ ፊት ለፊት ያሉት እንደ መርፌ የሾሉ ሆነው፣ ወደ ጉንጩ በኩል ያለው ድድ ግን ገና ባዶ ከሆነ፣ የሻጩ ቃል እውነት አይደለም። በአንጻሩ ፊት ያሉት ጥርሶች ትልልቅና ሰፋፊ ሆነው ከተለወጡ፣ ዕድሜው 4 ወር ያህል ደርሷል ማለት ነው። የጆሮ መቆም ግን የዘር ምስክር አይሆንም፤ የጀርመን ሼፐርድ ጆሮ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚቆም፣ በሁለት ወሩ የተጋደመውን ንቀው የቆመውን በውድ ዋጋ አይግዙ።

ከአርቢው ቤት ሲደርሱ እናቲቱን ከቡችሎቿ ጋር ያሳይዎት ዘንድ ይጠይቁ። እናቲቱ ሰው ሲቀርባት ምን ታደርጋለች? ቡችሎቿን ለመከላከል ብትቆጣ የእናትነት ነው፤ ከጌታዋ ፊት እንኳ ወደ ጥግ የምትሸሽና የምትንቀጠቀጥ ከሆነች ግን የእርስዋ ፍርሃት በቡችሎቹም ይታያል። ከዚህ በኋላ የሚከተሉትን ይጠይቁ፦ አባቱ ማን ነው፣ ከእናቲቱ ጋርስ ዝምድና አለው? እናቲቱ ስንት ጊዜ ወለደች፣ ከአንዱ ወሊድ እስከ ሌላው ስንት ጊዜ ዐረፈች? ትልልቅ ዘር ያላቸው ውሾች በዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም ስለሚጠቁ፣ የወላጆቹ የዳሌ ራጅ ተነሥቷል? ባለፈው ዓመት በዚህ ግቢ ቡችላ ሞቶ ያውቃል? የመጨረሻው ጥያቄ ከሁሉ ይልቅ የሚከብድ ነው፤ የፓርቮ መንስኤ በአፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይኖራልና። መልካም አርቢ እነዚህን ሲጠየቅ አይቆጣም፤ እንዲያውም እርሱ ራሱ መልሶ ስለ ግቢዎና ስለ ልጆችዎ ይጠይቅዎታል። የሚሸጠውን ፍጥረት የት እንደሚሄድ ሳይጠይቅ ገንዘቡን ብቻ የሚቀበለውን ትተው ይመለሱ።

ቡችላውንም ሲመርጡ ሆዱ ተነፍቶ አካሉ የከሳ እንዳይሆን፣ ድዱ ሮዝ መልክ እንዲኖረው፣ ዐይኑና አፍንጫው ንጹሕ፣ ከጅራቱ ሥር ደረቅ እንዲሆን ይጠንቀቁ። የቁልፍ ዘለላ ጥቂት ራቅ አድርገው መሬት ይጣሉ፤ የሚደነግጥና ወዲያው ተመልሶ የሚያሸት ቡችላ ጥሩ ነው፤ ሸሽቶ የማይመለሰውን ለልምድ ላለው ሰው ይተዉት። ፈዞ ጥግ የተቀመጠውን አዝነውለት መግዛት ርኅራኄ ቢመስልም፣ ታሞ ሊሆን ይችላልና ሐኪም ሳያየው ወደ ቤት አያስገቡት።

4ኛ. ከመንገድ የሚያነሡ ከሆነ፣ መጀመሪያ ሰፈሩን መጠየቅ

ስለ መንገድ ውሻ መስካሪ የለም የሚለው ክርክር ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። በየማዕዘኑ ጉልት የሚቸረችሩት እናቶች፣ የሌሊት ዘበኞችና የሥጋ ቤት ሠራተኞች እያንዳንዱን ውሻ በጠባዩ ያውቁታል። ባለቤት አለው ወይ? ሰው ነክሶ ያውቃል? በቅርቡ ከሌላ ውሻ ጋር ተጣልቶ ቆስሏል? ሴት ከሆነችስ የምታጠባቸው ቡችሎች አሏት? ብለው ይጠይቋቸው። የሦስተኛው ጥያቄ ምክንያት፣ በእብድ ውሻ የተነከሰ ውሻ በሽታው እስኪወጣበት ድረስ ብዙ ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት፣ ጤነኛ መስሎ ስለሚቆይ ነው።

ከዚያ በኋላ በየቀኑ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ ጥቂት ምግብ እያኖሩለት ያስለምዱት። ሲቀርብዎት ጎንዎን ሰጥተው ዝቅ ይበሉ፤ ዐይን ለዐይን አይመልከቱት፤ እጅዎንም ከጭንቅላቱ በላይ አያንሡ፤ በድንጋይ የኖረ ውሻ የተነሣ እጅ ሁሉ ድንጋይ ይመስለዋልና። እርሱ ራሱ መጥቶ እጅዎን ሳያሸት ገመድ አያስገቡለት። አባርሮ መያዝ፣ ልጆችን አሰማርቶ ማስከበብ፣ በጆንያ ማፈን ለመነከስ መንገድ ነው፤ በዚያ የተያዘ ውሻም ሰውን እንደገና ለማመን ብዙ ጊዜ ይፈጅበታል።

ከዚህ ላይ አንባቢ በብርቱ እንዲጠነቀቅ የምማጠነው ነገር አለ። አንድ ውሻ አገጩ ወርዶ፣ ምራቁ እየተዝረበረበ፣ መዋጥ አቅቶት፣ ድምፁም ሻክሮ ቢያዩት፣ አጥንት ጉሮሮው ላይ የተሰነቀረ ይመስልዎታል፤ አዝነውም አፉን ከፍተው ሊያወጡለት ይነሣሉ። ይህ መልክ ብዙ ጊዜ ሰው ሁሉ የሚያውቀው የቁጣ መልክ ያልታየበት፣ ነገር ግን መንጋጋን የሚያሽመደምድ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ነው። እጅዎን ፈጽሞ አይስደዱ፤ ሰዎችንና ልጆችን አርቀው የእንስሳት ሐኪም ይጥሩ።

5ኛ. በሁለት ቀን ውስጥ ወደ ሐኪም መውሰድ

የተገዛውም የተነሣውም ውሻ ከሌላ ውሻ ጋር ከመገናኘቱ በፊት በእንስሳት ሐኪም ይታይ። ስለ ፓርቮና ዲስቴምፐር ስለሚባለው ሌላ የውሻ በሽታ የሚሰጠው ክትባት ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ዕድሜ ተጀምሮ፣ ቡችላው 16 ሳምንት እስኪሞላው ድረስ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ ይደገማል። የሚደገምበትም ምክንያት ከእናቱ ያገኘው መከላከያ ክትባቱን ስለሚያከሽፈውና ያ መከላከያ የሚያልቅበት ቀን በየቡችላው ስለሚለያይ ነው፤ ስለዚህ «አንዴ ተከትቧል» የሚለው የሻጭ ቃል ብቻውን አያሳርፍም። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወር ዕድሜ ይሰጥና በየዓመቱ ይታደሳል፤ ዕድሜው ለማይታወቅ ትልቅ ውሻ በዚያው ቀን ይሰጠዋል።

ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። ሐኪሙ ብልቃጡን ከማቀዝቀዣ ወይም በረዶ ካለበት ሣጥን ሲያወጣው ይመልከቱ፤ ከኪሱ አውጥቶ የሚወጋልዎት ሰው፣ ዋጋው ቢቀንስም፣ የሰጠዎት ክትባት ነው ብለው አይመኑ። ከብልቃጡ የተላጠው ወረቀት በክትባት ካርዱ ላይ ይለጠፍ፤ ቀንና ማኅተምም ይኑረው።

በዚያው ጊዜ የወስፋትና የኮሶ ትል መድኃኒት ይጠይቁ፤ እከክ፣ መዥገርና ቁንጫም ይታይ። ከመንገድ በተነሣ ውሻ ላይ በብልቱ አካባቢ የሚደማ እብጠት ቢገኝ ተስፋ አይቁረጡ፤ ይህ በመሳረር የሚተላለፍ ዕጢ ሲሆን፣ በመርፌ መድኃኒት ብዙውን ጊዜ ይድናል።

6ኛ. የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አያያዝ

በቤትዎ ሌላ ውሻ ካለ አዲሱን ለ14 ቀን ለብቻው ያቆዩት። በግቢዎ ቀድሞ በፓርቮ የሞተ ቡችላ ከነበረ፣ ሲሚንቶውን በሚገባ አጥበው፣ በ1 እጅ በረኪናና በ30 እጅ ውሃ ያርሱት፤ አፈሩን ግን በረኪና አያጸዳውምና ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ አይልቀቁበት።

ከ3 ሳምንት እስከ 12 ወይም 14 ሳምንት ያለው ዕድሜ ቡችላ ዓለምን ያለ ፍርሃት የሚቀበልበት ወቅት ነው። ክትባቱ ገና ስላላለቀ በመሬት ባይሄድም፣ ታቅፈው የመኪናን ጩኸት፣ የቤተ ክርስቲያንን ድምፅ ማጉያ፣ ጃንጥላ የያዙ ሰዎችን፣ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌዎችን፣ ዩኒፎርም ለብሰው የሚሮጡ ተማሪዎችን ያሳዩት። በዚህ ጊዜ ጋቢ የለበሰ ሰው ያላየ ውሻ፣ አድጎ አያትዎ ሊጠይቁዎት ሲመጡ እንደ ጠላት ይቆጥራቸዋል። እንግዲህ «ይቆጣልኛል» ብለው ቡችላን በጨለማ ቤት የሚዘጉና ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት የሚያስሩ ሰዎች ምን እንደሚያተርፉ ያስቡት፤ የሚያፈሩት ጎበዝ ጠባቂ ሳይሆን፣ ሁሉን የሚፈራና ከፍርሃቱ የተነሣ ባለቤቱንም የሚነክስ ፍጥረት ነው።

አድጎ ከመንገድ የመጣው ውሻ በበኩሉ ለጥቂት ቀን ከጥግ አልወጣ ቢል አይጎትቱት። መጠለያና ውሃ ሰጥተው ይተዉት፤ ልጆች እንዳያቅፉት፣ ሲበላና ሲተኛ እንዳይነኩት አጥብቀው ያስተምሯቸው።

7ኛ. ስለ ምግብ፣ በተለይም በበዓል ቀን

የዘወትር ምግቡ እንጀራ፣ ሩዝ ወይም ገንፎ ከበሰለ ሥጋ ጋር ቢሆን ይበቃዋል፤ ሽንኩርት የበዛበት ወጥና ቸኮላት ለውሻ መርዝ ናቸው፤ የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ዋናው ጥንቃቄ ግን በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ቀን ነው። በጉ ታርዶ ሆዱ ሲከፈት፣ አንዳንድ ጊዜ በጉበቱ ወይም በሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይታያል፤ ሴቶቹ አይተው «ይህስ አይበላም» ይላሉ፤ ቆራጩም ቆርጦ ለውሻው ይወረውርለታል። በዚያ ከረጢት ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ራሶች በውሻው አንጀት አድገው የትል መንጋ ይሆናሉ፤ ዕንቁላላቸውም ከኩሱ ጋር ወጥቶ በጠጉሩና በግቢው አፈር ላይ ይቀራል፤ ልጅ ውሻውን ደባብሶ እጁን ሳይታጠብ ቁራሽ ሲያነሣ ይውጠዋል፤ ከዓመታት በኋላም ያው ከረጢት በልጁ ጉበት ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የተበላሸውን ጉበትና ሳንባ በጥልቅ ጉድጓድ ይቅበሩ ወይም ያቃጥሉ፤ ጤነኛውንም ግማሽ ሰዓት ያህል ሳያፈሉ ለውሻ አይስጡ፤ የትል መድኃኒቱንም በየ3 ወሩ ይስጡት። ይህን በሽታ ውሻ ገዝተውም ከመንገድ አንሥተውም አያመልጡትም፤ የሚከለክለው የቤቱ ሥርዓት ብቻ ነው።

8ኛ. ማምከን

ያልመከነች ውሻ በዓመት እስከ ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች፤ በየመንገዱ የሚታየው ባለቤት አልባ ውሻ ብዙው መነሻው የአንድ ባለ ግቢ ሰው ቸልተኝነት ነው። ስለዚህ የገዛም ሰው ቢሆን፣ ለማርባት በቂ ምክንያትና ለቡችሎቹ ተቀባይ ከሌለው፣ ውሻውን ያስመክን። የሚመክንበትን ዕድሜ ሐኪሙ እንደ ዘሩና እንደ አካሉ ይወስናል። ከመንገድ የተነሣች ሴት ግን ወንዶች በአጥሩ ዙሪያ ሳይሰበሰቡ በፊት ትምከን።

9ኛ. ውሻው ሰው ቢነክስ

ቁስሉን ወዲያው በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። የባህል መድኃኒት አዋቂ ዘንድ ሄዶ ቀን ማሳለፍ ነፍስ ያስከፍላል፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ከታየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለምና። የነከሰውን ውሻ በንዴት አይግደሉት፤ አስረው ለ10 ቀን ሐኪም ይመልከተው፤ በዚህ ጊዜ ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ቀን በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ደግሞም በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071 የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ ሳያስበው አምልጦት እንኳ ቢሆን፣ ኀላፊ መሆኑን ይደነግጋል። «ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ በበሩ ላይ መስቀል ተገቢ ቢሆንም፣ ከዚህ ኀላፊነት ያድነኛል ብለው አይመኑበት።

10ኛ. ውሻውን ማቆየት ካልተቻለ

ሥራ ወይም ቤት ተለውጦ ውሻውን መያዝ ካቃተዎት፣ ራቅ ወዳለ ሰፈር ወስደው አይልቀቁት፤ የማያውቀው ሰፈር ውሾች ይቦጫጭቁታል፣ ወይም መንገዱን ሲፈልግ በመኪና ያልቃል። ከአርቢ የሚገዙ ከሆነ፣ እንዲህ ያለ ቀን ቢመጣ አርቢው መልሶ እንዲቀበልዎት በግዢው ቀን በጽሑፍ ይዋዋሉ፤ በዚህ የማይስማማ አርቢ ስለ ቡችሎቹ ግድ የለውም። ከመንገድ ያነሡት ከሆነ፣ ራስዎ ግቢውን አይተው ለሚያምኑት ሰው ያስረክቡ፤ ከውሻውም ጋር የክትባት ካርዱን፣ የሚበላበትን ሳሕንና የተኛበትን ጨርቅ ይስጡት፤ ምን እንደሚያስፈራውና ማን እንደሚያዝዘውም ይንገሩት።